የመላጣው አራተኛ ቸርኬ

ሮም የሄድኩት አገር ለማየት አይደለም፤ መርዶ ይዤ ነው። ስለዚህ ሐውልቱንና ፏፏቴውን እንድተርክላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ያየሁት አንድ የኪራይ ሕንፃ፣ አንድ ጋራዥና አንድ እርጥብ ምድር ቤት ነው። ስሜ ትዕግሥት ይባላል፤ ከትዕግሥት የደረሰኝ ግን ስሙ ብቻ እንደሆነ ቤተሰቤ ሁሉ ይመሰክራል። ከቤታችን የሚሠራ ፓስፖርት ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ተላክሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ታዴ የሚለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ነበረው። በንጉሡ ዘመን፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ እሱና ጓደኛው ሮቤርቶ ከአሜሪካኖች እጅ የወጣ አንድ መጽሔት ያያሉ። በመጽሔቱ ላይ የአሜሪካ ወጣቶች አሮጌ መኪና ቆራርጠው፣ ክብደቱን ቀንሰው፣ ሞተሩን አጎልብተው ሲነዱ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሆት ሮድ ይሉታል። ሁለቱም አበዱ። አንድ አሮጌ ሴይቼንቶ፣ ያችን ትንሿን ፊያት፣ ገዝተው ጣራውን በመጋዝ ቆረጡት፣ ፓራፋንጎውን ነቀሉት። ሰፈሩ ሆት ሮድ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ መኪናውን "መላጣው" አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ጋሽ ሮቤርቶ አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው የአዲስ አበባ ሴት ናቸው። ሮም የነበሩ አጎታቸው ለመላጣው አራት ቸርኬ ላኩ፤ እንደኛ አገር የብረት ላሜራ ሳይሆን ከቀላል ማዕድን ፈስሶ የተሠራ፣ በአንድ እጅ የሚነሣ። አብዮቱ መጥቶ ጋሽ ሮቤርቶ ወደ ሮም ሲሰደዱ ከአራቱ አንዱን ፈትተው ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱ። "ሦስቱ ካንተ ጋር ይቆዩ፣ ስንገናኝ እንገጥመዋለን" አሉ። አባባ በቦታው ተራ የብረት ቸርኬ ገጠመበት። እኔ ስወለድም ስዳርም መላጣው በሦስት ቆንጆና በአንድ አስቀያሚ እግሩ ቆሞ ነው። አንዴ እሳቸው ሳይመቻቸው፣ አንዴ አባባ ሳይመቸው፣ ዕድሜያቸው በስልክ አለቀ። እሁድ እሁድ ስልኩ ይጮኻል፤ ከወዲያ "ኬ ቼርኪ?" ይላሉ፤ አባባ "ቸርኬ!" ብሎ ይመልሳል፤ ሁለቱም በሳቅ ይፈነዳሉ። እኔ የጣሊያን ሰላምታ ይመስለኝ ነበር።

አባባ በክረምቱ ማብቂያ ሞተ። አልጋ ላይ ሳለ ደጋግሞ ያለን አንድ ነገር ነው፦ "ለሮቤርቶ በስልክ እንዳትነግሩት። ልቡ ደህና አይደለም፣ ብቻውንም ነው። ሰው ይሂድና በወጉ ያርዳው።" ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ የአባባን ስልክ የማነሣው እኔ ሆንኩ። "ተኝቷል" እላለሁ፣ "ጠበል ሄዷል" እላለሁ። በመጨረሻ "ቸርኬውን ልወስድ እየመጣሁ ነው" አልኳቸው፤ በደስታ ጮኹ። ስልኩን ዘግቼ እኔም አለቀስኩ።

ረቡዕ።

እናቴ በርበሬና ሽሮ አሠረችልኝ። ቤት ውስጥ ጥቁር ለባሽ ነኝ፤ ጥቁር ለብሼ ግን ጋሽ ሮቤርቶ በር ላይ መቆም አልችልም፣ ልብሱ ቀድሞኝ ይናገራል። ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያው መጸዳጃ ቤት ገብቼ ጥቁሩን አወለቅሁና የእህቴን ቢጫ ሹራብ ለበስኩ። ጥቁሩን አጣጥፌ ከሻንጣዬ ሥር አደረግሁት። ስወጣ አንድ የማላውቃቸው እናት "እንዴት ያለ የሚያምር ሹራብ ነው" አሉኝ። ምን ልበላቸው? አመሰግናለሁ አልኩ።

ሐሙስ።

ሮም በጠዋት ገባን። አልማዝ ባቡር ጣቢያው ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። አልማዝ የጎረቤታችን እህት ናት፤ ፒኜቶ በሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፣ የምትኖረው ግን ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር፣ ከጋሽ ሮቤርቶ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። መርዶ ይዤ እንደመጣሁ የምታውቀው ከሮም ሰው እሷ ብቻ ናት። ቶር ፒኛታራን ሳይ ደነገጥሁ፤ እኔ ሮምን በእምነበረድ ነበር የማስባት። ልብስ ከመስኮት መስኮት ተሰጥቷል፣ የባንግላዴሽ ሰዎች ሽንኩርት በሳጥን ደርድረዋል፣ ሰው ከሰው ጋር ከመንገድ ማዶ እየተጯጯኸ ይነጋገራል። መርካቶ ጥግ የቆምኩ ይመስል ልቤ ትንሽ አረፈች።

ሕንፃው መግቢያ ላይ አንዲት የተከበሩ የጣሊያን ባልቴት ከአሳንሰሩ ሲወጡ ተገጣጠምን። ያው ሰላምታ ያስከብራል ብዬ ጎንበስ አልኩና ፈገግ ብዬ፣ "ኬ ቼርኪ!" አልኳቸው።

ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወደ ኋላ ሸሹ። አልማዝ እየተንተባተበች ይቅርታ ስትጠይቃቸው ከቆየች በኋላ አሳንሰሩ ውስጥ ስንገባ በሳቅ ወደቀች።

"ማነው ይሄን ያስተማረሽ?"

"አባባ ነዋ። ደህና ዋልሽ ማለት አይደል እንዴ?"

"ኧረ በማርያም! 'ምን ፈልገሽ ነው?' ነው ያልሻቸው። ያውም አንቺ ብለሽ!"

ቼርኪ ማለት ለካ ሁለት ነገር ነው። የመኪና ቸርኬዎች ማለት ነው፤ ትፈልጋለህ ማለትም ነው። ጋሽ ሮቤርቶ "ምን ትፈልጋለህ?" ሲሉ፣ አባባ "ቸርኬ!" እያለ ነበር ያን ሁሉ ዘመን ሲሳሳቁ የኖሩት። ጋራዥ ውስጥ ያደግሁ ስለሆንኩ ጣሊያንኛ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ ስል ነው ያደግሁት። ለሞተር የሚሆን ቋንቋ ለሰው እንደማይሆን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ጋሽ ሮቤርቶ በራቸውን ከፍተው እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ነጭ ጢማቸውን በሥርዓት የከረከሙ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝና የጠየቁት የመጀመሪያው ነገር፣ "ታዴስ?"

"አርፏል" አልኩ።

አፌ አመለጠኝ። ሌላ አበሻ ቢሰማው እዚያው ደረቱን በደቃ ነበር። የጋሽ ሮቤርቶ አማርኛ ግን ስንት ዘመን ብቻውን የኖረ ነው፤ "ይረፍ፣ ይረፍ፣ ሥራ በዝቶበት ነው የኖረው" አሉና ወንበር ሳቡልኝ። አልማዝ ከኋላዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ዓርብ።

ጠዋት ወደ ካንቲና ወረድን፤ ከሕንፃው ሥር ያለ ለየቤቱ የተከፋፈለ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ግድግዳው ላቡን ያንጠፈጥፋል፤ ሽታው በክረምት እንደተዘጋ ቤት ነው። ጋሽ ሮቤርቶ በሱፍ ብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ቸርኬ እንደ ሕፃን አቅፈው አወጡት። እኔ የማውቃቸው ሦስቱ ወንድሞቹ አዲስ አበባ ያሉት ናቸው፤ ይሄኛውን በዓይኔ ሳየው ሆዴ ባባ።

"ጋሼ፣ ለምንድነው ግን ሰው በቸርኬ እንዲህ የሚያብደው?" አልኳቸው። ጥያቄው ለመሸሽ ያህል ነበር፤ እሳቸው ግን ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ።

"አሎራ፣ ልንገርሽ። ድሮ የመኪና እግር እንጨት ነበር፣ እንደ ጋሪ። ቀጥሎ ሽቦ መጣ፣ እንደ ብስክሌት። ቀጥሎ የብረት ላሜራ። ይሸከማል፣ ግን ይከብዳል። የውድድር መኪና ሠሪዎቹ 'ከሁሉ የሚቀለው የቱ ነው?' አሉና ማግኒዥየም አቅልጠው በቅርጽ አፈሰሱት። ያ መጽሔት ላይ ያየናቸው የአሜሪካ ልጆች ከጦርነቱ ወዲህ በጨው ሜዳ ላይ ሲቀዳደሙ ይሄን አዩ። መኪናቸው አሮጌ፣ ኪሳቸው ባዶ ነው፤ ግን እግሩን የእሽቅድምድም መኪና እግር አደረጉለት። ገባሽ? ከላይ ቆሻሻ ነገር፣ ከታች ንጉሥ።"

"ታዲያ ለምን ቀረ?"

"ልቡ ስስ ነው። ሲጋል ይነድዳል፣ እርጥበት ደግሞ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ኋላ አሉሚኒየም በዛና ዛሬ በየመንገዱ የምታይው ተሠራ። እሱ ጠንካራ ነው፣ ቫ ቤኔ። ግን እንደዚህ አይቀልም።"

አዲስ አበባ ዛሬ የሚኒባስ ሾፌር ሁሉ የሚያብለጨልጭ ቸርኬ ያስገጥማል፤ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ምሳ ፓስታ ሠሩልኝ። "ዓርብ ነው፣ ፎርማጆ አላስነካሁትም" አሉኝ፤ እሳቸው ካቶሊክ ናቸው፣ የእኔን ጾም ግን እንደ እናታቸው ያውቁታል። በርበሬ ከሻንጣዬ አውጥቼ ስጎው ላይ ስነሰንስ አልተቆጡም፤ እንዲያውም የራሳቸውን ሳህን አስጠጉ። እኛ ቤት ፓስታ እስኪልም ይቀቀላል፤ የእሳቸው ግን ጥርስ ስር ይጠነክራል። ያልበሰለ መስሎኝ ነበር፣ ግን በላሁት።

ከምሳ በኋላ ቸርኬውን ይዘን በካሲሊና መንገድ ወዳለ ጋራዥ ሄድን። "ታዴ ሲገጥመው እንዳያሳፍረኝ ይታይ" ነው ያሉት። መካኒኩ አሮጌ የጣሊያን ሰው ነው። ቸርኬውን በገመድ አንጠልጥሎ በመዶሻ እጀታ መታ አደረገው። ይሄን እኔም አውቀዋለሁ፤ አባባም እንዲሁ ያደርግ ነበር፣ ደህና ቸርኬ እንደ ደወል ያቃጭላል። ይሄኛው ግን እንደ ጣሳ ቋ አለ። ሰውየው ውስጡን በብረት ብሩሽ ፋቅ ሲያደርገው እንደ ኖራ ያለ ነጭ ዱቄት ረገፈ፤ ከሥሩ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ዙሪያውን ሄዷል። ብሩሹን አስቀምጦ፣ "ኤ ሞርቶ" አለ።

ይህችን ቃል አውቃታለሁ። አባባ የማይነሣ ሞተር ሲገጥመው "ሞርቶ ነው" ይል ነበር። ሞተ ማለት ነው። እኔ ግን ለአንድ አፍታ፣ ለዚህ ሰው ማን ነገረው? ብዬ ደርቄ ቀረሁ።

ጋሽ ሮቤርቶ ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱ። "ሦስቱ ደህና ናቸው?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ደህና ናቸው ጋሼ።"

"አገሩ ደረቅ ነው። እኔ ነኝ ውሃ ውስጥ ያስቀመጥኩት።" ዓይናቸው እንባ ሞላ። "አሁን ለታዴ ምን እለዋለሁ? እንዳትነግሪው። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። እኔ ራሴ ፊቱ ቆሜ እነግረዋለሁ። ካንቺ ጋር እመጣለሁ።"

አፌን ከፈትኩ። መካኒኩ እጁን ይጠርጋል፣ መኪና ይጮኻል፣ ሽማግሌው ብቻቸውን ቆመዋል። መርዶ እዚህ አይነገርም። አፌን መልሼ ዘጋሁትና ቸርኬውን ተሸከምኩ።

ቅዳሜ።

በጠዋት አልማዝን አፋጠጥኳት። "ቲኬት ሊገዙ ነው! ዛሬውኑ ልንገራቸው።"

"መርዶ በደረቁ አይነገርም" አለች። "እንደኔ አሮጊት የሚንከባከቡት የአገራችን ሴቶች ሪፖዞ የሚወጡት ነገ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነው እረፍታቸው። ሲኞራቸውን ጥለው ዛሬ መውጣት አይችሉም። ብቻሽን ነግረሻቸው ቢወድቁ ማን ይይዛቸዋል? ማንስ ያስተዛዝናቸዋል? አንድ ቀን ቻይው። ስምሽ ትዕግሥት አይደል?"

በስሜ የቀለደብኝ ብዙ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን አልቆረጠኝም።

ስለዚህ ያን ቀን ሥራዬ ጋሽ ሮቤርቶን ከቲኬት ቤት ማራቅ ሆነ። "ቅዱስ እስጢፋኖስን ሳላይ አልሄድም" አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከጳጳሱ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለ፣ የእኛ መነኮሳት በጥንት ዘመን ይኖሩበት የነበረ ደብር ነው፤ ግን በሩ ላይ ዘቡ አስቀድሞ ፈቃድ ካልተያዘ አይገባም አለን። ጋሽ ሮቤርቶ ጣራውን ከሩቅ እያሳዩኝ አጥሩ ጋ ተሳለሙ፤ እኔም ተሳለምኩ። ሲመለሱ መንገድ ዳር ወዳለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ገቡና ሻማ አበሩ። "ለታዴ ጤና" አሉኝ። እኔም ከአጠገቡ ሌላ ሻማ አበራሁ። ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ለአንድ ሰው ሁለት ሻማ ጎን ለጎን ሲነድ፣ አንዱ ለጤናው፣ አንዱ ለነፍሱ፣ ከዚያ የከፋ ነገር በሕይወቴ ያየሁ አይመስለኝም።

ማታ ሻንጣቸውን አውጥተው ሸሚዝ መደርደር ጀመሩ። ለአባባ የገዙትን የሱፍ ካልሲ አሳዩኝ። "እግሩን ይበርደዋል፣ ድሮም" አሉ። ራሴን አሞኛል ብዬ ወደ አልማዝ ቤት ወጣሁ።

እሁድ።

ገና ሳይነጋ ጥቁሬን ከሻንጣው ሥር አወጣሁ። ቢጫውን ሹራብ ሁለተኛ አልለበስኩትም። ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ፤ አንዷ ከሩቅ በአውቶቡስ፣ አንዷ ሌሊቱን ሙሉ አሮጊት ስታገላብጥ አድራ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። በደረጃው ተከታትለን ወረድን፤ የማናችንም ጫማ ድምፅ አላሰማም። አልማዝ በእጇ ጠቆመችኝና በሩን አንኳኳሁ።

ጋሽ ሮቤርቶ ነቅተው ነበር። እኔ ብቻ የመጣሁ መስሏቸው ከውስጥ በሚስቅ ድምፅ፣ "ኬ ቼርኪ?" አሉ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነው። ግን አልወጣ አለኝ። ዝም ስንል በሩን ከፈቱ። መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ቀጥሎ ጥቁሬን፣ ቀጥሎ የተዘቀዘቀውን ነጠላ። አማርኛቸው ቢደክምም ይሄን አልረሱትም።

"ታዴ?"

"ጋሽ ሮቤርቶ፣ እግዜር ያጽናዎት" አለች አልማዝ።

ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን ያዙ። አልወደቁም። እኔን ትክ ብለው አይተው፣ "ሐሙስ ዕለት ነግረሽኝ ነበር እኮ" አሉ። "አርፏል አልሽኝ። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።"

ያኔ ነው ለቅሶው የተነሣ። በአገራችን ሟቹ በሌለበት ልብሱ ወይም ፎቶው ወጥቶ ይለቀስለታል። ጋሽ ሮቤርቶ ቤት የነበረው የአባባ ፎቶ የጎረምሳነቱ፣ ደብዝዞ ፊቱ የማይታይ ነው። እሳቸው ግን ተነሥተው ቸርኬውን ከብርድ ልብሱ አወጡና ማዕድ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከጎኑ ካልሲውን አደረጉ። ሴቶቹ ጥያቄ አልጠየቁም። ለማያውቁት ሰው፣ አንድ የተሰነጠቀ ቸርኬ ከበው፣ "ጋሽ ታዴ" እያሉ አለቀሱለት። በሳምንት አንድ ያለቻቸውን ሙሉ የእረፍት ቀን ነው የሰጡት፤ እስከምሞት አልረሳላቸውም።

በሩ ተንኳኳ። ሐሙስ ዕለት የሰደብኳቸው ባልቴት በሌሊት ልብሳቸው ቆመዋል፤ ለጩኸቱ ሊቆጡ እንደመጡ ፊታቸው ያሳብቃል። ወንበሩን አዩ፣ ጋሽ ሮቤርቶን አዩና ተመለሱ። ጥቂት ቆይተው በትልቅ ድስት ሾርባ ይዘው መጡና ከሴቶቹ መሀል ቁጭ አሉ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ቋንቋ እንኳ አይጠይቅም።

ሰኞ።

ጋሽ ሮቤርቶ ቸርኬውን በአልጋ አንሶላቸው ጠቅልለው ሰጡኝ። "አይነዳም" አሉ፣ "ግን ከወንድሞቹ ጋር ይሁን።" እኔም ሻንጣቸውን እንዳይፈቱ ለመንኳቸው፤ "ሲሻለኝ" አሉ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታሹ አንሶላውን ገልጦ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። "ቸርኬ" አልኩት። ራሱን ነቅንቆ አሳለፈኝ። ሮም ውስጥ የተናገርኩት አማርኛም ጣሊያንኛም የሆነ ቃል ያው ብቻ ነው።

የአባባ ሰማንያ ሲወጣ ወንድሜ መላጣውን አስነሣው፤ ከጋራዡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቀስ ብለን ነዳነው። የብረቱ ቸርኬ ከቦታው አልተነቀለም፤ ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመ እሱ ነውና ማንም ሊያስቀይመው አልፈለገም። የሮሙን ቸርኬ ግን ጋሽ ሮቤርቶ ድሮ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ በቀበቶ አሠርነው። መኪናውን መሸከም ስላልቻለ መኪናው ተሸከመው።

ከሰዓት፣ ዝክሩ ተበልቶ ሰው ሲበተን፣ የአባባ ስልክ ጮኸ። እሁድ ነበር። ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አነሣሁት። ከወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፣ ቀጥሎ የጋሽ ሮቤርቶ ድምፅ፣

"ኬ ቼርኪ?"

"ቸርኬ!" አልኩ፣ የአባባን ያህል ጮኼ።